ብርቋን የጠበቅንባት ቅዳሜ

የሰፈሩ ልጆች ያዳራሹን ጊዜ ይንገሩን ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ይንገሩን ይሉና ስነግራቸው ደግሞ ትዕግሥት የላቸውም። እኔ አንድ ነገር ላወራ ስነሳ መንገዴ ላይ ሌላ አምስት ነገር አነሳለሁ፤ እነሱ «እማማ፣ ወደ ዋናው ይመለሱ» እያሉ ይጎትቱኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። ወረቀት አያቋርጥም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ስታነብ፣ እኔ ካጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ በዓይኔ እየተከተልኳት ነው። የእንግሊዝኛው ግን እስከ ዛሬ እንቢ ብሎኛል።

ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ለሰርግና ለስብሰባ የሚከራይ አዳራሽ ነበር። እዚያ በጽዳት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰርግ አየሁ፣ ምርቃት አየሁ፣ አንድ ጊዜ ሙሽራው ሳይመጣ ሰው እንዳለ በልቶ ጠጥቶ ሲሄድም አየሁ፤ እሱን ሌላ ቀን። በዓመት አንዴ ሁለቴ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ጎረምሶች ጊታርና ከበሮ ይዘው ይመጡ ነበር። ሄቪ ሜታል ይባላል የሚጫወቱት። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ጣራው የወረደ መስሎኝ መጥረጊያዬን ጥዬ ወጣሁ። ዘበኛው በሳቅ ሞተ።

«እትዬ፣ ዘፈን እኮ ነው!»

«ዘፈን ከሆነስ ማን ሞቶባቸው ነው?» አልኩት።

እያደር ለመድኳቸው። መልካቸው ያስፈራ እንጂ ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው። ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አንጨብርረው ሲዘሉ ይውሉና ሲጨርሱ ወንበር ያነሱልኛል። ሰርገኛ እኮ አጥንቱን ወለል ላይ ጥሎ ነው የሚሄድ። እነዚህ የሚተዉብኝ ነገር ቢኖር መድረኩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ በእያንዳንዱ ተጫዋች እግር ሥር አንድ አንድ። የሚጫወቷቸው ዘፈኖች በተራ የተጻፉበት ነው። እኔ ምን አውቄ፤ ጥሩ ወፍራም ወረቀት ስለሆነ መጣሉ አሳዘነኝና እየላጥኩ ወደ ቤት ወሰድኩት። ኩሽና መደርደሪያዬ ላይ፣ ከቅመም ዕቃዎቹ ሥር አነጠፍኩት። አዲስ ሲመጣ ባሮጌው ላይ እደርባለሁ።

የልጅ ልጄ እናቷ ዐረብ አገር ከሄደች ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ማን ጋ ልተዋት? አዳራሹ ትመጣለች፤ ባልዲ ገልብጬ አስቀምጣታለሁ። ሰርግ ሲሆን ታንቀላፋለች፤ እነዚያ ልጆች ሲጫወቱ ግን ዓይኗን አትከድንም። ኋላ ጎረቤት ሁሉ «ልጅቷን ምን አስነካሽብን?» ሲለኝ ሌላ ወሬ አነሳለሁ። ያስነካኋት እኔ ነኝ።

አድጋ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ገባች፤ ሱሪ ትሰፋለች። እኛም አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰንና ገባን። ጉልበቴ ደረጃውንም ሥራውንም አልችል ሲል ሥራውን ተውኩ፤ ደረጃውን መተው አይቻልም።

እሑድ እሑድ ሁለት ጓደኞቿ ይመጣሉ። አንዱ ወሎ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ጸጉሩ እስከ ትከሻው፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ በምንም የማይለቅ። ሌላዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። ሦስቱም ያ ባንድ ሲነሳ ሌላ ነገር አይሰሙም። አንድ ትልቅ ደብተር ነበራቸው፤ ባንዱ ከተቋቋመ ጀምሮ የት እንደተጫወተ፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛውን ዘፈን አስቀድሞ የትኛውን አስከትሎ፣ ማን ማን እንደሰማ፣ ሁሉን ይጽፉበታል። አንድ ዘፈን ተጫወቱት ተብሎ የሚጻፈው ሁለት ምስክር ሲገኝ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አይጨነቅም። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ባንዱን መጠየቅ ክልክል ነው።

«ለምን አትጠይቋቸውም? ልጆቹ እኮ ጨዋዎች ናቸው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እማማ፣ እሱማ ከፈተና በፊት መልሱን እንደማየት ነው» አለ መካኒኩ። «ሙድ የለውም።»

«እኔማ ፈተና ተፈትኜ አላውቅ፤ መልሱን ባየው ደስ ይለኝ ነበር።»

ሦስቱም ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዷን «ብርቋ» ይሏታል። እውነተኛ ስሟ እንግሊዝኛ ነው፣ አፌ አይዞርበትም። ባንዱ በዚያ ሁሉ ዓመት የተጫወታት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሲዲም አላወጣት፣ ኢንተርኔት ላይም የለችም። ያለችው መካኒኩ ስልክ ላይ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ቅጂ ናት፤ እሷም ስትከፈት ቅቤ ሲነጠር እንደሚንጣጣው ያለ ድምፅ ብቻ ነው። መካኒኩ ሁለት ጊዜ ሰምቷታል፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አንዴ። የኔዋ አልሰማቻትም። አንዱን ቀን በጉንፋን ተኝታ፣ አንዱን ቀን ፈተና ላይ ሆና፣ አንዱን ቀን ፋብሪካው ውስጥ ተረኛ ሆና አመለጣት። ሁለቱ ስለ ብርቋ ሲያወሩ እሷ ጉልበቷን አቅፋ፣ ርቦት የሰው ሰሃን እንደሚያይ ሰው ታያቸዋለች።

ይህስ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጆሮዋ መሄድ ጀመረ።

መጀመሪያ እኔ ስጠራት ዝም ስትል ኩራት መሰለኝና ተቆጣኋት። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ከዚያ ግራው ጭራሽ ጠፋ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሣጥን ውስጥ አስገብተው ጩኸት እያሰሟት እጇን እንድታነሳ አደረጉ። እኔ በመስታወት አያለሁ፤ እጇ አይነሳም፣ አይነሳም፣ አይነሳም። ሐኪሙ የፋብሪካው ማሽንም የሙዚቃውም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ከትውልድ ያለ የነርቭ ነገር እንደሆነ፣ ቀኙም ተከትሎ እንደሚሄድ፣ ዓመት እንኳ ላይቆይ እንደሚችል ነገረን። መድኃኒቱስ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። ጸበል ወሰድኳት። ሰባት ቀን እንድትጠመቅ አስነሳኋት፤ በብርዱ እየተንቀጠቀጠች እሺ አለችኝ፣ ለኔ ብላ። በሰባተኛው ቀን ቄሱ ሲጸልዩ በየትኛው ጆሮዋ እንደሰማቻቸው አልጠየቅኳትም፤ ፈራሁ።

እሷ ለጓደኞቿ የነገረቻቸው ባጭሩ ነው። «ቀኙ ሳይሄድ ብርቋን መስማት አለብኝ። ሌላው ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ብርቋ ለምን በእነዚያ ሦስት ቀኖች ብቻ ተጫወቷት? መካኒኩ ሁሉን ሞከረ። ጾም ነው አይደለም፣ ክረምት ነው በጋ ነው፣ ከበሮ መቺው አዲስ ነው አሮጌ ነው። አንድ ሰሞን አራተኛ ቀን አገኘን ብለው ጨፈሩ። ኋላ ሲታይ አንዱ ምስክር ቀኑን በፈረንጅ፣ ሌላው በኛ አቆጣጠር ነግሯቸው አንዱን ኮንሰርት ሁለት አድርገው ጽፈውት ነው። እኔ ነኝ የያዝኩባቸው። ያን ቀን ቅዳሜም ሚካኤልም ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሥራ ሄጄ ነበር፤ ሚካኤል ደግሞ በወር አንዴ፣ በኛ አሥራ ሁለት ነው የሚውለው፤ የፈረንጁ ሃያ አንድ ያው እሱ ቀን ነበር።

አንድ እሑድ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሻይ ላፍላ ብላ ኩሽና ገባች። ቀረፋ ስትፈልግ ዕቃውን አነሳችና ጮኸች። አይጥ አየች ብዬ ተነሳሁ። እሷ ግን መደርደሪያው ላይ አፍጥጣ ቆማለች።

«እማማ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ! ይሄ እኮ ሴትሊስት ነው! የባንዱ የዘፈን ዝርዝር!»

ሦስቱ ተጋፍተው ገቡ። ኮረሪማዬን፣ ጥቁር አዝሙዴን፣ ሚጥሚጣዬን አውርደው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሱ። ያንን ሁሉ ዘመን ሲፈልጉት የኖሩት ነገር እኔ በርበሬ ያስቀመጥኩበት ኖሯል። መካኒኩ ግማሽ ሊያለቅስ ነው፣ ግማሽ በሚጥሚጣው ያስነጥሳል።

«እማዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ዝም አልሽ?» አለች የኔዋ።

«ማን ጠየቀኝ?» አልኳት። ጮክ ብዬ፣ ወደ ቀኟ።

ወለል ላይ ዘረጓቸው። አናቱ ላይ ቀኑ በእርሳስ ተጽፏል። ብርቋ የተሰማችባቸውን ሦስት ቀኖች ሲያገኙ ደጋግመው አነበቡ፤ በወረቀቱ ላይ ብርቋ የለችም። ሳይጽፏት ነው የተጫወቷት። የኔዋ ከሦስቱ ላይ አንድ ነገር በጥፍሯ እየፋቀች «ይሄ ቢጫ ነገር ምንድን ነው? ሌሎቹ ላይ የለም» አለች።

«ሰም ነዋ» አልኳት። «መብራት የጠፋ ቀን ሻማ መድረኩ ጫፍ ላይ የምተክለው እኔ ነበርኩ። እየቀለጠ ይንጠባጠባል።»

መካኒኩ ትንሽ ጊታር ይነካካል። ወረቀቱን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ነገሩን ለኔም እንዲገባኝ አድርጎ አስረዳን። ብርቋ ሌላ ቅኝት ናት፤ የጊታሩን ክሮች አላልቶ እንደ አዲስ መቃኘት ያስፈልጋል፣ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ሰው መድረክ ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ ቲንግ ቲንግ ሲባል አይጠብቅም፤ ስለዚህ ይተዋታል። መብራት የጠፋ ጊዜ ግን ጊታሪስቱ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሥራ ሲፈታ ይቃኛል፤ መብራቱ ሲመጣ በብርቋ ይጀምራሉ።

«በቃ መብራት ካልጠፋ ብርቋ የለችም» አለ።

«ታዲያ እንዲጠፋ ስእለት እንሳል?» አለች የኔዋ እየሳቀች።

«ቢጠፋስ?» አለ መካኒኩ። «አሁን እኮ አዳራሹ ጄኔሬተር ገዝቷል። እፍ ሳይባል ይነሳል።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

በሁለተኛው ወር ባንዱ በዚያው አዳራሽ እንደሚጫወት ተሰማ። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። በማግስቱ ሰርግ ስላለ ዲኮር የሚሠሩት ልክ በአሥራ ሁለት ይገባሉ፤ ይህን ሕግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ጊዜ ቀኙ ጆሮዋ፣ በራሷ አነጋገር፣ ከትራስ ሥር እንደሚመጣ ድምፅ ሆኖ ነበር። «እማዬ፣ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ።

የማደርገውን ለማንም አልነገርኩም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ሳስበው ሰንብቻለሁ። ላደርግላት የምችለው ነገር ሁሉ አልቋል፤ ሐኪሙ አልቋል፣ ጸበሉ አልቋል። የቀረኝ አንድ ነገር የዚያ አዳራሽ የመብራት ቆጣሪ ያለበትን ማወቄ ነው። ሽንት ቤቱን አልፎ፣ መወልወያ አስቀምጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዋናው ማጥፊያ ከታች ያለው ትልቁ። ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚነሳው ከውጭ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ ዘበኛው ሲገዙት ነግሮኝ ነበር።

ቅዳሜ የኔዋ ከፊት፣ መዳፏን ትልቁ ስፒከር ላይ አድርጋ ቆመች። ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫወቱ። ብርቋ የለችም። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ሲሄድ መካኒኩን በምልክት ጠየቅኩት፤ የለችም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ተነሳሁ።

ዘበኛው በሩ ላይ ነበር። «እትዬ! ሽንት ቤት ነው?»

«አዎ፣ ልይልህ፣ ማን እንደሚያጸዳው።»

«ኧረ እንደርሶ የሚሆን አልተገኘም!»

ክፍሏ አልተቆለፈችም። የቆጣሪውን ሣጥን ከፈትኩ። በሕይወቴ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። አማተብኩና ወደ ታች ሳብኩት።

ድምፁ በአንድ ጊዜ ሞተ። ከዚያ ሰው ሁሉ «ኡኡ!» አለ። ምን ያህል መቆየት እንዳለብኝ ሰዓት የለኝም፤ እግዚኦታ ጀመርኩ። አርባ አንዱን በጣቴ አንጓ ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና፣ ስጨርስ እንደገና። አሥር ደቂቃ ይሙላለት፣ ክሮቹን ያላላ፣ አስቸኩዬው እንዳይሳሳት እያልኩ አብዝቼ ቆየሁ። ውጭ ዘበኛው «ጎረቤት አለ እኮ! የኛ ብቻ ነው የሄደው!» እያለ ሲሮጥ ይሰማኛል። ኮቴው ሲቀርብ ማጥፊያውን መለስኩት።

«እትዬ? እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«በጨለማው መውጫው ጠፍቶኝ፣ ልጄ።»

«እርሶ? እዚህ ቤት ውስጥ?» አለኝ። ቀጥሎ ግን ከአዳራሹ ጠሩትና ሄደ።

ስመለስ ባንዱ ሊጀምር ነው። መካኒኩ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የኔዋ በሁለት እጇ ስፒከሩን ይዛለች፣ ቀኝ ጆሮዋን አስጠግታ። ከበሮው ተመታ። መካኒኩን አየሁት። እጁ ከጭንቅላቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«እሷ አይደለችም?»

«አይደለችም፣ እማማ።»

ያ አለቀ፣ ሌላ ጀመሩ። እሱም አይደለም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስልኳ ላይ ሰዓት ታያለች፣ ወደ በሩ ታያለች፣ መልሳ ሰዓት ታያለች። ሦስተኛው እንዳለቀ የጎኑ በር ተከፈተና የዲኮር ልጆች ነጭ ጨርቅ ተሸክመው፣ የአበባ ቅስት እየጎተቱ ገቡ። የአዳራሹ ኃላፊ እጁን ወደ መድረኩ አነሳ። ጊታሪስቱ እግሩ ሥር ያለውን ወረቀት አየ፤ ከዚያ ከፊት የቆሙትን አየ፤ ማይኩን ይዞ «እናመሰግናለን» አለ።

የኔዋ ከስፒከሩ እጇን አላነሳችም። ሠራተኛው መጥቶ ገመዱን ሲነቅል ነው የለቀቀችው።

በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ በባቡር ወደ አያት ተመለስን። በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ። «ሌላ ጊዜ ይጫወቷታል» አልኳት። አልሰማችኝም፤ ደገምኩት።

«ሌላ ጊዜ ማን ይስማልኝ፣ እማዬ?» አለችኝ። ክፉ ቃል አልነበረም፤ እንዲያው ጥያቄ ነበር። ነጠላዬን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ደረብኩላት።

እሑድ መካኒኩ መጥቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ። መብራት ጠፋ፣ ብርቋ አልተሰማችም፣ ግምታችን ስህተት ነበር። ያ ባንድ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልተጫወተም፤ ተበታተኑ። ክረምቱ ሳይወጣ ቀኙም ሄደ። መጀመሪያ የጠፋባት የዝናቡ ድምፅ ነበር፤ ከታች ያለው ቆርቆሮ ረጥቦ በመስኮት ስታይ «ዘንቧል እንዴ?» ትለኝ ጀመር። አሁን ከንፈር ታነባለች፣ በእጅ ምልክት ታወራለች፣ እኔንም አስተምራኛለች፤ ጣቶቼ ግን እንደ ምላሴ መንገድ ይስታሉ። ያደረግኩትን ሳስብ ያኔ አልጸጸተኝም። አልሆነም እንጂ የምችለውን አድርጌያለሁ እያልኩ በዚህች እጽናና ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው በጋ የደም ግፊት መድኃኒቴ አለቀና ያቺ ልጅ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። አሁን የልጆች እናት ናት። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ። ስለ ድሮው ስናወራ አፌ አላርፍ አለና ያንን መብራት ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት፣ ለመሳቅም ለመናዘዝም። እሷ አልሳቀችም። መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ያኔ ባንዱን አትጠይቁ የሚለውን ሕግ ሰብራ እንደነበር ነገረችኝ፤ ለሁለቱም ከመናገር ሞት ይሻላል ብላ እስከዚያች ቀን ይዛው ኖራለች።

የልጅ ልጄ ይህን ከኔ አልሰማችም። ስታነበው ታገኘዋለች።

ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው ሳምንት ያቺ ልጅ ጊታሪስቱ ቤት ሄዳ የልጅ ልጄ ጆሮ እየሄደ መሆኑን ነግራው ነበር። እሱም ከጓደኛው ሁለተኛ ጊታር ተውሶ፣ ቤቱ በብርቋ ቅኝት ቃኝቶ፣ ከከበሮው ጀርባ አስቀምጦት ነበር። ልጅቷ የዚያን ቀኑን ወረቀት ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ሳያዩት ከመድረኩ ላይ አንስታ ደብቃዋለች። ያን ቀን ሊጫወቱ ከጻፏቸው ዘፈኖች በጨለማው ምክንያት ጊዜ ያልደረሰላት አንዷ ብቻ ናት፤ ከታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈችው ብርቋ።